አራት ዓመት ሙሉ አንድም መምህር ስሜን አያውቅም፤ አሁን ምን ይሻለኛል?

የከዚራ_ጥላ (ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡15)

እንዴት ናችሁ የዚህ ቤት ሰዎች። ድሬ ነው የምማረው። ሲቪል ምህንድስና፣ አራተኛ ዓመት። ውጤቴ አያሳፍርም፤ 3.4 ነው። ዶርም ውስጥ ስሜ «ቸካይዋ» ነው። ችግሬ ሌላ ነው።

ባለፈው ሳምንት አንድ የውጭ የማስተርስ ስኮላርሺፕ አየሁ። ለእኔ ገና ነው፤ ግን ቅጹን ከፍቼ አነበብኩት። ከሚያውቁሽ መምህራን 2 የድጋፍ ደብዳቤ አምጪ ይላል። ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ማንን ልጠይቅ? አራት ዓመት ሙሉ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ግድግዳውን ተጠግቼ ነው የተቀመጥኩት። እጄን አውጥቼ አላውቅም። መምህር ቢሮ የሄድኩት አንድ ጊዜ ነው፤ እሱም የሚድ ውጤቴ ሳይለጠፍ ቀርቶ። ከመምህሮቼ አንዱ ከፊራ ገበያ ላይ ቢያገኘኝ የእሱ ተማሪ መሆኔን የሚያውቅ አይመስለኝም።

በዚያ ላይ በእኛ ክፍል መምህር ቢሮ የሚመላለስ ልጅ ስም ይወጣለታል። አሽቃባጭ ነው የሚባለው። ሴት ከሆነች ደግሞ የሚባለው ሌላ ነው፤ እሱን እዚህ አልጽፈውም።

በሚቀጥለው ዓመት ጂሲ ነኝ፣ ተመራቂ ማለት ነው። አድቫይዘር መያዝም አለ። ያለፈበት ሰው ይምከረኝ። ሳይሸማቀቁ፣ ሳያሽቃብጡም ከመምህር ጋር መግባባት የሚቻለው እንዴት ነው?

አቦ_ተረጋጋ (ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡31)

አቦ ይሄ ደግሞ ምን ያስጨንቃል። አንድ ዙርባ የአወዳይ ጫት ይዘሽ በሩ ላይ መቆም ነው። ስምሽን ከነአያትሽ ያውቀዋል። ሃሃሃ።

ነጥብ_በነጥብ (ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡02)

ዝም ብለሽ ችክ በይ። ይሄ ግንኙነት ምናምን የሚሉት ነገር አይገባኝም። መውጫ ፈተናው ከ2015 ጀምሮ ለሁሉም አንድ ነው። 50 ካላመጣሽ ዲግሪ የለም። መምህሩ አጎትሽ ቢሆን እንኳ አያድንሽም።

እውነቱን ልንገርሽ፣ በእኛ ጊዜ ቢሮ ለቢሮ ሲዞሩ የነበሩት ልጆች የሚዞሩት ለዕውቀት አልነበረም። ሁላችንም እናውቀዋለን። 3.4 ይዘሽ ማንን ትለማመጫለሽ?

ደንገጎ (ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡40)

ነጥብ፣ ያልከው ለፈተናው ልክ ነው። ልጅቷ የጠየቀችው ግን ስለ ፈተና አይደለም።

የራሴን ልንገርሽ እህቴ። ከተመረቅሁ ስድስት ዓመት ሆኖኛል፤ እዚሁ ድሬ ነው የምሠራው። እኔም እንዳንቺ ግድግዳ ተደግፌ ነው የወጣሁት። ጥሩ ዕድል መጣ። ማመልከቻው ሊዘጋ አምስት ቀን ሲቀረው አንዱን መምህሬን ኮሪደር ላይ አስቁሜ «ሪኮመንዴሽን ይጻፉልኝ» አልኩት። ሰውየው ጨዋ ነው፤ እምቢ አላለም። ጻፈልኝ። ሦስት መስመር። ይህ ተማሪ እኔ ዘንድ ሁለት ኮርስ ወስዷል፣ በአንዱ ኤ በአንዱ ቢ አግኝቷል፣ መልካም ዕድል እመኝለታለሁ የሚል።

ተናድጄ ነበር። በኋላ ሳስበው ምን ይጻፍ? ስለ እኔ የሚያውቀው እሱን ብቻ ነው። ትራንስክሪፕቴ ላይ ያለውን ደግሞ በወረቀት ደገመው። ዕድሉም አለፈኝ።

ስለዚህ አሁን ማሰብሽ ጥሩ ነው። አንድ ዓመት ከምናምን አለሽ። እኔ አምስት ቀን ነበረኝ።

መምህር_ነኝ_ግን (ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡20)

እኔ ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ ነኝ። ሐረር ተወልጄ ድሬ አስተምራለሁ። የት እንደሆነ ይቅር። ትናንት ማታ ስታወሩ አነበብኩ፤ ዛሬ ክፍል ከመግባቴ በፊት ልጻፍ።

መጀመሪያ ስለ እኛ። አንድ ሴክሽን 50 እና 60 ልጅ ይይዛል። በሴሚስተር ሁለት ሦስት ሴክሽን ይደርሰኛል። ፊት አውቃለሁ፤ ስም አይዘኝም። ስለዚህ «አያውቁኝም» ብለሽ አትዘኚ። ፈተና ወረቀት ላይ ከማየው መታወቂያ ቁጥር ሌላ የሰጠሽኝ ነገር ስለሌለ ነው።

ቢሮዬን የሚያንኳኳ ተማሪ አብዛኛው ለውጤት ነው የሚመጣው። «መምህር ትንሽ ቢጨምሩልኝ» ይላል። በሩ ሲንኳኳ ልቤ የሚወርደው ለዚህ ነው። አንድ ቀን ግን አንድ ልጅ መጣና «መምህር፣ ትናንት ሰሌዳ ላይ ከጻፉት ሦስተኛው መስመር ላይ ምልክቱ የተገለበጠ መሰለኝ» አለኝ። ደብተሩን ዘረጋ። አየሁት። እውነቱን ነው፣ ተሳስቼ ነበር። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ አረምኩት። የዚያን ልጅ ስም እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ልብ በይ፤ በ60 ሰው ፊት አላሳጣኝም፣ ዝም ብሎም አላለፈኝ።

አንቺም ከአንድ ክፍለ ጊዜ አንድ ጥያቄ ምረጪ። ራስሽ ሞክሪው። የቆምሽበት ድረስ ግማሽ ገጽ ላይ ጻፊው። እሱን ይዘሽ ነይ። «አልገባኝም» ያለችኝን ተማሪ ከየት ጀምሬ እንደማስረዳት አላውቅም። «እስከዚህ ሠራሁ፣ እዚህ ቆምኩ» ያለችኝን ግን በአምስት ደቂቃ እሸኛታለሁ። ከዚያ አመስግነሽ ሂጂ። የቤተሰቤን ደኅንነት መጠየቅ፣ ሻይ መጋበዝ አያስፈልግም።

ስለ ቴሌግራም። ሌሊት 5 ሰዓት ላይ «ሰላም ቲቸር» የምትል መልእክት ትመጣለች። ከዚያ ዝም። ምን ብዬ ልመልስ? ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ፕሮፋይሉ ላይ ያለው የኳስ ተጫዋች ነው። እንዲህ ቢጻፍ ግን ሳልመልስ አላድርም፦

«ጤና ይስጥልኝ መምህር። እገሊት እባላለሁ፤ የሃይድሮሎጂ ተማሪዎ ነኝ፣ አራተኛ ዓመት፣ ሴክሽን 2። ማክሰኞ ስላስተማሩን የጎርፍ ስሌት አንድ ጥያቄ አለኝ፤ የሞከርኩትን ጽፌዋለሁ። ሐሙስ ጠዋት ከ3 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ቢሮዎ ብመጣ 10 ደቂቃ ያገኛሉ? ካልተመቸዎ በሚመችዎ ሰዓት እመጣለሁ።»

ሰዓት ደግሞ ድሬ ላይ ትልቅ ነገር ነው። ጠዋት ነይ። ከምሳ በኋላ ሙቀቱ አለ፣ የምርቃና ሰዓቱም አለ፤ አልደብቅሽም። ዓርብ ቀትር ላይ ጁምዓ የሚሄደውን አታስቁሚ። በረመዳን አሥር ሰዓት ላይ ረጅም ጥያቄ ይዘሽ አትምጪ፤ የጾመ ሰው ነው። ውጤት የምናስገባበት ሳምንት ላይ ደግሞ የገዛ ሚስቴም አታናግረኝም።

ስለ ደብዳቤው ማታ እመለሳለሁ። አቦ_ተረጋጋ፣ ዙርባውን ለራስህ ያዘው።

አቦ_ተረጋጋ (ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 4፡05)

መምህር ይቅርታ። ወላሂ መምህር እዚህ ቤት እንዳለ አላወቅሁም።

ነጭ_ጋዋን (ማክሰኞ፣ ከቀኑ 8፡10)

ሐረር ነኝ፣ ሕክምና፣ ሕይወት ፋና ሆስፒታል ነው የምንማረው። የእኛ ትንሽ ይለያል። ቢሮ የሚባል ነገር የለም ማለት ይቻላል። መምህርህን የምታገኘው የታካሚ አልጋ ሥር ነው፣ ራውንድ ላይ፣ ሬዚደንቱም ኢንተርኑም ባለበት።

መጀመሪያ ሰሞን የማላውቀውን ስጠየቅ እቀባጥር ነበር። «ትኩሳቱ ሌሊት ስንት ነበር?» ሲሉኝ ከአየር ላይ ቁጥር እሰጣለሁ። ቻርቱ ሲገለጥ ሌላ ነው። አንድ ሲኒየር ለብቻዬ ጠራኝና «አላውቅም በል። አላውቅም ካልከኝ አስተምርሃለሁ። ከዋሸኸኝ ግን ነገ እውነት ስትናገርም አላምንህም» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ከራውንድ አንድ ሰዓት ቀድሜ እገባለሁ፣ ታካሚዬን ራሴ አያለሁ። ያላወቅሁትን «አላየሁትም፣ አይቼ እነግርዎታለሁ» እላለሁ። እና አይቼ እመለሳለሁ። አይቼ እመለሳለሁ ብሎ የሚቀር ሞልቷል፤ መምህሮቹ እኮ ይይዙታል።

ሼባው_ከአለማያ (ማክሰኞ፣ ከቀኑ 10፡30)

ልጆች፣ እኔ ሐረማያ ገና አለማያ ሲባል፣ ሐይቁም ሳይደርቅ የተማርኩ ነኝ። የእርሻ ኮሌጁ ሲቋቋም በኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ እጅ ስለነበር ከክፍሉ ይልቅ ማሳው ይበዛ ነበር። እኛ ስንደርስ አሜሪካኖቹ ሄደዋል፤ ልማዱ ግን ቀርቷል። መምህሩ በቦት ጫማ ማሽላው ውስጥ ይገባል፤ አንተም ትከተላለህ። መለኪያ ሜትር ትይዝለታለህ። በሁለት ወር ውስጥ ማን ሠራተኛ፣ ማን ወሬኛ እንደሆነ ያውቃል።

ዛሬ ተማሪው በዛ። ያ ቀረ። ግን ልጄ፣ አሁንም መምህራን የምርምር ሥራ አላቸው፤ መረጃ የሚሰበስብላቸው፣ መጠይቅ ይዞ ቀበሌ የሚወርድ ሰው ይፈልጋሉ። «በበጋ ዕረፍት ሥራ ካለ ላግዝዎ» ብለሽ ጠይቂ። ክፍያ ባይኖረውም አንድ ወር ሞክሪው። ከአንድ ወር በላይ በነጻ የሚያሠራሽ ከሆነ ግን ሹልክ በይ።

ሸዋ_በር (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡15)

ሁላችሁም ደግ ደጉን ጻፋችሁ። አንድ ሰው ይህንንም ይጻፍላት።

እህቴ፣ እኔ ሦስተኛ ዓመት ሳለሁ አንድ መምህር «ውጤትሽ ላይ እንነጋገር፣ ማታ ካፌ ነይ» ብሎ ጻፈልኝ። ካፌው ከካምፓስ ውጭ ነው፣ ሰዓቱ 1 ሰዓት ተኩል። ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም። እምቢ ብል ይጥለኛል፣ እሺ ብል ደግሞ እግዜር ያውቃል። የዶርም ልጅ ነች ያዳነችኝ። እሷ እንዳለችኝ እንዲህ ብዬ መለስኩ፦ «አመሰግናለሁ መምህር። ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ከክፍል ተጠሪያችን ጋር ቢሮዎ እመጣለሁ።» መልስ አልሰጠኝም። ስለ ውጤቴም ዳግመኛ አላነሳም። ኮርሱን አለፍኩ።

ስለዚህ ቢሮ ስትሄጂ በቀን። በሩ ክፍት ይሁን፤ ከተዘጋም «ሙቀቱ አስቸገረኝ» ብለሽ ክፈችው፣ ድሬ ላይ ማንም አይጠይቅሽም። መጀመሪያ ላይ ጓደኛ ይዘሽ ሂጂ። ከካምፓስ ውጭ ቀጠሮ የሚባል የለም። ደስ የማይል መልእክት ከመጣ አታጥፊው፣ ስክሪንሹት አንሺው። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የሥርዓተ ፆታ ቢሮ አላቸው፤ ሳያስፈልግሽ በፊት የት እንደሆነ እወቂ። እንዲህ ያለው መምህር ጥቂት ነው። ጥሩዎቹ ደግሞ በሩን ራሳቸው ይከፍቱታል።

መምህር_ነኝ_ግን (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡00)

ሸዋ_በር እግዚአብሔር ይስጥሽ። እኔ በሬን በድንጋይ ነው የምደግፈው። ባልደረቦቼ ይስቁብኛል፤ ይሳቁ።

ወደ ደብዳቤው። የውጭዎቹ ቅጽ ሲላክልን አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀን ይሄን ነው። ተማሪውን ምን ያህል ጊዜ፣ በምን ሁኔታ ያውቁታል? ካስተማሯቸው ሁሉ ከምርጥ 5 በመቶ ነው፣ ከ10፣ ከ25? ከዚያ ባዶ ቦታ ይመጣል። ባዶው ቦታ ነው ደንገጎን የጣለው። «ታታሪ ናት፣ ጨዋ ናት» ለሁሉም ይጻፋል፤ አንባቢው ዘሎት ነው የሚያልፈው። «የክፍል ሥራውን ጨርሳ፣ ማንም ሳያዛት የከተማችንን መረጃ ይዛ መጣች» ብዬ ብጽፍ ግን ያ ያንቺ ብቻ ነው።

ስትጠይቂ ቢያንስ ሦስት አራት ሳምንት ቀድመሽ ይሁን። አጠያየቁም አለው። «ጥሩ ደብዳቤ ለመጻፍ የሚበቃ ያህል ያውቁኛል?» በይ። እንደዚያ ስትይ ለመምህሩ በክብር እምቢ የሚልበት በር ትከፍችለታለሽ። ከቀዝቃዛ ደብዳቤ እምቢታ ይሻላል። እሺ ካለ በአንድ ገጽ አዘጋጅተሽ ስጪው፦ የምታመለክችበትን፣ ማብቂያውን ቀን፣ ሲቪሽን፣ የውጤትሽን ኮፒ፣ እሱ ዘንድ የሠራሽውን ነገር። ሌላው ቀርቶ «በ2ኛው ሴሚስተር ያንን ጥያቄ የጠየቅሁት እኔ ነኝ» ብለሽ ብታስታውሺኝ አይከፋኝም። ብዙ ቦታ የሚቀበሉት ከዩኒቨርሲቲው አድራሻ የተላከ ኢሜይል ነው። አንዳንዶቻችን ግን የምንጠቀመው የግል ጂሜይል ነው፤ ቀድመሽ ጠይቂው።

«ራስሽ ጽፈሽ አምጪ፣ ልፈርም» የሚሉም አሉ። ሥራ ሲበዛ ነው፣ ይገባኛል። ግን የሁለት መምህር ደብዳቤ በአንድ ልጅ እጅ ሲጻፍ ቃሉ ይመሳሰላል፤ የሚያነበው ሰው ደግሞ ሥራው ይሄው ነው። «ነጥቦቹን ልስጥዎ፣ እርስዎ ይጻፉት» ብለሽ ሞክሪ።

ነጥብ_በነጥብ፣ ስላንተም ልመልስ። ውጤት የሚያስጨምሩ አልነበሩም አልልህም። ነገር ግን «ይጨምሩልኝ» እና «ወረቀቴን ማየት እፈልጋለሁ» አንድ አይደሉም። ሁለተኛው መብትህ ነው። ወረቀቱን አይተህ የመደመር ስህተት ካገኘህ በትሕትና አሳየው። ካልተስማማችሁ በጽሑፍ ወደ ዲፓርትመንት ነው። በዚህ የሚቀየም መምህር ካለ ችግሩ ያንተ አይደለም።

ነጥብ_በነጥብ (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡25)

እሺ መምህር፣ ይሄኛው ገብቶኛል። እኔ ወረቀቴን ማየት እንደምችል ያወቅሁት ከተመረቅሁ በኋላ ነው።

ሐረሪ_በቶሮንቶ (ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 12፡10)

ከእንቅልፍ በፊት አንድ ነገር። ወደ ውጭ ለሚጽፍ ሰው ነው።

ሐረር ስማር መምህሩን «ዶክተር» ብለን በራሱ ስም እንጠራ ነበር። እኛ ዘንድ የቤተሰብ ስም የለማ። እዚህ መጥቼ አንዱን በመጀመሪያ ስሙ «ፕሮፌሰር እንትን» ብዬ ጻፍኩለት። ዝምድና የጀመርኩ ነው የመሰለው። እዚህ የሚጠሩት በቤተሰብ ስም፣ በመጨረሻው ነው። ደግሞ ሰሜን አሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረውን ሁሉ «ፕሮፌሰር» ይሉታል። አገር ቤት ግን ማዕረግ ነው፤ ከሌክቸረር በላይ ረዳት ፕሮፌሰር፣ ተባባሪ ፕሮፌሰር፣ ከዚያ ነው ሙሉው። ሌክቸረሩን «ፕሮፌሰር» ብትሉት ያሾፋችሁበት ይመስለዋል። «መምህር» የትም አያጣላም።

አቦ_ተረጋጋ (ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡48)

ስለ አጠራር ከተነሳ እኔም አለኝ። እኛ የድሬ ልጆች አንቱታ ምላሳችን ላይ አይቀመጥም። ቤት ውስጥ አያቴን «አንቺ» እያልኩ ነው ያደግሁት፣ ትወደኛለች። ፍሬሽ ሆኜ ከጎጃም የመጣ አንድ መምህር «ጥያቄ ያለው?» አለ። እጄን አውጥቼ «አቦ አንተ ቅድም ያልከውን ድገመው» አልኩ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ከመሐል አገር የመጡት ልጆች የሞትኩ ያህል ነው ያዩኝ። ሰውየው ትንሽ ቆየና «አንቱ ብትለኝ እደግመዋለሁ» አለ። እኔም «አንቱ ቅድም ያልከውን ድገመው» አልኩት። ወላሂ እሱም ሳቀ። እስክመረቅ ድረስ «አንቱ ያልከው» እያለ ነበር የሚጠራኝ።

መምህር ያወቀኝ እኔ ነኝ፤ ካሁን ወዲያ ምክር ሰጪው እኔ ነኝ ማለት ነው።

ደንገጎ (ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡20)

ሃሃሃ። አንቱ ያልከው!

ለጥያቄው ባለቤት አንድ ልጨምር። አድቫይዘር ስትመርጪ ስሙ የገነነውን ብለሽ አትሩጪ። ዘንድሮ የሚመረቁትን ጠይቂ። «ድራፍት ስትሰጡት በስንት ቀን ይመልሳል?» በያቸው። ሌላ ጥያቄ አያስፈልግሽም።

የከዚራ_ጥላ (ከ19 ቀን በኋላ፣ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 4፡30)

ጠፋሁ፣ ይቅርታ። ስሞክረው ቆይቼ ነው።

መምህር_ነኝ_ግን፣ ምሳሌዎ ላይ ሃይድሮሎጂ ማለትዎ ገርሞኛል። እውነትም ከዚያ ኮርስ የምትከነክነኝ ነገር ነበረች። ክፍል ውስጥ የተማርነው የጎርፍ ስሌት ለትንንሽ ተፋሰስ የሚሆን ነው። እኔ ግን ያደግሁት ደቻቱ ወንዝ አጠገብ ነው። በ1998 ክረምት ጎርፉ ሌሊት ሲመጣ ሕፃን ነበርኩ፤ እናቴ እስከ ዛሬ ደመና ከላይ ከደጋው ሲጠቁር አትተኛም። ድሬ ላይ ጠብ ሳይል ነው ውኃው የሚመጣው። ታዲያ ለእንዲህ ያለ ሰፊ ተፋሰስ የቱ ስሌት ነው የሚሠራው? ይችን ግማሽ ገጽ ላይ ጻፍኳት። የተማርነውን ስሌት ደቻቱ ላይ ሞክሬ የት ላይ ትርጉም እንዳጣብኝም አሳየሁ።

መልእክቱን እንዳሉት አድርጌ ለሃይድሮሎጂ መምህሬ ላክሁ። በነጋታው «ነይ» አለ። ሄድኩ፤ የለም። ስብሰባ ገብቷል። ሸዋ_በር እንዳለችው ጓደኛዬን ይዤ ነበርና ደረጃው ላይ ቁጭ ብለን ሳቅን። ሁለተኛ ቀን ሄድኩ። ቦርሳውን አንግቶ ሊወጣ ነው። «10 ደቂቃ የለኝም፣ ሁለት አለኝ» አለና ወረቀቱን ቆሞ አነበበ። ከዚያ ቦርሳውን አወረደው።

ስሌቱን በሌላ መንገድ አስረዳኝ። ለሰፊ ተፋሰስ የሚሆነውን አሳየኝ። «የዝናቡን መረጃ ከሜትሮሎጂ ጠይቂና ኤክሴል ላይ አስገብተሽ አምጪ» አለኝ። ለመረጃው ከዲፓርትመንት ደብዳቤ ያስፈልጋል፤ እሱን አጻፈልኝ። በሁለት ሳምንት ይዤ ተመለስኩ። ግማሹ ስህተት ነበር። በቀይ አሰመረበት። ደስ አለኝ፤ በአራት ዓመት ውስጥ ወረቀቴ ላይ ከውጤት ሌላ ነገር ሲጻፍበት የመጀመሪያዬ ነው።

ስለ ደብዳቤ አላነሳሁም፤ ገና ነው። ክፍል ውስጥ ግን ሐሙስ ዕለት በስሜ ጠራኝ። ከኋላ «አሃ!» ያሉ ነበሩ። ዘወር ብዬ ኤክሴሉን ልላክላችሁ ወይ አልኳቸው። አንዷ ላኪልኝ አለች፤ አሁን ሁለት ነን።

አቦ_ተረጋጋ (ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 4፡52)

ማሻአላህ። ዋናውን ግን አልነገርሽንም። አንተ አልሽው ወይስ እርስዎ?

የከዚራ_ጥላ (ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 5፡01)

እርስዎ ብዬ ጀመርኩ። ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ «አንተ ራስህ እኮ ክፍል ውስጥ» አመለጠኝ። አፌን ያዝኩ። ቀና ብሎ አየኝና «የየት ሰፈር ልጅ ነሽ?» አለኝ። ነገርኩት። እሱም ለገሃሬ ነው ያደገው ለካ።